ማሴራቲ ለሀዋታ ጭቃ? እኔ አልስማማም

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ልጆች ስልካቸውን እያወጡ አንድ ዓይነት ፎቶ አሳይተውኛል። ዱባይ የቆመ ማሴራቲ ኳትሮፖርቴ፤ የቆዳ ወንበር፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ፣ ፊቱ ላይ ባለሦስት ሹል ጦር ምልክት። ዋጋውን ሲነግሩኝ ደህና ከተያዘ አሮጌ ሃይሉክስ ያንሳል። «ጋሼ፣ በነጻ ማለት እኮ ነው» አለኝ አንዱ። «ደግሞ ጣልያን ነው። ኤንትሬን የሠራው ማን ሆነና?»

የሦስተኛው ልጅ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሊገዛበት ያሰበው ገንዘብ ግማሹ የእቁብ ነው፤ ግማሹን እህቱ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ለሰሊጥ መግዣ የላከችለት ነው። ስለዚህ ዝም አልልም። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

በመጀመሪያ ኤንትሬን እናንሣ፣ ሁሉም የሚጠራት እሷን ነውና። ፊያት 682 ኤን 3 ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ያንን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት ተሳቢ እየጎተተች ስንት ዓመት የኖረችው ጣልያን ስለሆነች ነው? አይደለም። በየከተማው የሚፈታትና የሚገጥማት ሰው ስለነበረ ነው። እስኪ አፋችንን እንስማው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ጓርኒሲዮን። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። እነዚህ ቃላት ከመኪናው ጋር ብቻ አልገቡም፤ ከመካኒኩ፣ ከረዳቱና ከመለዋወጫ ሻጩ ጋር ገቡ እንጂ። አዲስ አበባ ውስጥ አምቼ የጣልያን ከባድ መኪና ሲገጣጥም ኖሯል። ኤንትሬ መንገድ ላይ ብትቆም ሾፌሩ ራሱ ከሥሯ ገብቶ ያስነሣታል።

አሁን ወደዚህኛው ጣልያን እንምጣ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኳትሮፖርቴ ሞተሩ የተሠራው ፌራሪ ቤት፣ ማራኔሎ ነው፤ ስምንት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ 400 የፈረስ ጉልበት። የመጀመሪያዎቹ ላይ ያለው ካምቢዮ ዱዎሴሌክት ይባላል። የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ኮምፒውተርና የዘይት ግፊት ነው። በተጨናነቀ መንገድ ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ ሲል ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል። አዲሱ ቢገኝ እንኳ ከተገጠመ በኋላ በኮምፒውተር መስተካከል አለበት። በ2007 እ.ኤ.አ. ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ገባለት፤ ስልካችሁ ላይ በርካሽ የምታዩት ግን ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ነው። ማሴራቲው ብቻም አይደለም። ፌራሪ 355ን ብትወስዱ የሞተሩን ቺንጊያ ለመቀየር ሞተሩ በሙሉ መውረድ አለበት። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ የግድ የሚሠራ ተራ ሰርቪስ ነው።

ታዲያ ለምን ረከሰ? ዱባይ ያለው ሻጭ ሞኝ መሰላችሁ? መኪናው አርጅቷል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን እንደ አዲስ መኪና ነው። ሻጩ የሚቀጥለውን ወጪ አስልቶ ነው የሚሸሸው። እናንተ የምትገዙት እሱ የሸሸውን ሂሳብ ነው።

መኪናው ሀዋታ ደረሰ እንበል። የእኛን አፈር ታውቁታላችሁ። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ኸሪፍ ሲገባ ደግሞ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ራሃድ ከአገራችን ደጋ ወርዶ ሲሞላ ሎሪውም ትራክተሩም ቆሞ የሚያድርበት ቀን አለ። ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋ መኪና እዚህ ምን ይሠራል? ነዳጁስ? ያ ሞተር የሚፈልገው ጥሩ ቤንዚን ነው፤ በበርሜል ከርሞ በጀሪካን የሚቀዳውን አይደለም። ገዳሪፍ ያሉ መካኒኮች ጎበዞች ናቸው፤ ሃይሉክስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈታሉ። ኮምፒውተሩና መለዋወጫው ከሌለ ግን ጉብዝና ብቻውን ምን ያደርጋል?

«አገር ቤት አስገብቼ በእጥፍ እሸጠዋለሁ» የሚልም አለ። በየት በኩል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌና ትልቅ ሞተር ያላቸው መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥላል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። መተማ ላይ በሕጋዊ መንገድ አታልፍም። በሌላ መንገድ አሳልፋለሁ የምትል ከሆነ እሱን ንግድ ብለህ አትጥራው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ርካሽ ሁሉ ከዱባይ አይመጣም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በካርቱም ጦርነት ምክንያት ስንት ቤት ተዘረፈ፣ ስንት መኪና ከባለቤቱ እጅ ተነጠቀ። ወረቀት የሌለው የሚያምር መኪና በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ፣ ባለቤቱ ምናልባት ገዳሪፍ መጠለያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል። እኛ የሰው አገር ሰዎች ነን። ኬላ ላይ የተሰረቀ መኪና ይዞ የተገኘ ሐበሻ ቃሉን የሚሰማለት ማን ነው?

«ክብር ይሰጣል፣ ነጋዴ ያምነኛል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። የሰሊጥ ገበያ ላይ ሰው የሚታመነው በጆንያው ልክና በቃሉ ነው። እኔ ለራሴ፣ በዱቤ ሰሊጥ የወሰደብኝ ሰው በማሴራቲ ሲመጣ ባየው፣ መጀመሪያ የማስበው ገንዘቤ የት እንደገባ ነው።

ውበቱን አልክድም። ድምፁን አንድ ጊዜ ዱባይ ሰምቼዋለሁ፤ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ደመወዝተኛ የሆነ፣ አስፋልት ላይ የሚኖር፣ አዋቂ ጋራዥ አጠገቡ ያለው ሰው በትርፍ ገንዘቡ ይግዛው፣ ይደሰትበት። የእኛ ገንዘብ ግን ትርፍ ገንዘብ አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት ሰሊጥ ነው፤ የልጆች ትምህርት ቤት ነው።

ማንኛውንም መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሲበላሽ እዚህ ማን ይሠራዋል? መለዋወጫው ከየት፣ በስንት ቀን ይመጣል? ወረቀቱ በማን ስም ነው? ለሦስቱም መልስ ያለው አሮጌ ቦክሲ ወይም አይሱዙ ካገኛችሁ፣ ቀለሙ ቢለቅም ግዙት፤ ሠርቶ ይከፍላችኋል።

አንተ ሦስተኛው ልጅ፣ ራስህን ታውቃለህ። ከመክፈልህ በፊት ቤሩት ደውልና ለእህትህ በራስህ አፍ ንገራት፦ «የላክሽውን ሰሊጥ አልገዛሁበትም፤ ማሴራቲ ልገዛበት ነው» በላት። ይህን ማለት ካፈርክ መልሱን አግኝተኸዋል።

ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሻይ ስጠጣ ታገኙኛላችሁ። ማሴራቲውን ይዞ በነሐሴ ይምጣ። ሻዩን እኔ እከፍላለሁ፤ ትራክተሩን ግን ራሱ ይከራይ።