ክረምት ሳይገባ በቤት ሊመከርበት ስለሚገባ ነገር

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለጣና ዳር ሰው ተረት ብቻ አይደለም፤ በየክረምቱ በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ዙሪያና በሐይቁ ዳርቻ ቤተ ዘመድ ላላቸው አንባቢዎቻችን በዛሬው ገጻችን ጥቂት ምክር ልናቀርብ ወደድን።

ከጉና ተራራ ርብና ጉማራ፣ ከጎንደር በኩል መገጭ፣ ከደቡብ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባሉ፤ የሐይቁ የተፈጥሮ መውጫ ግን በባሕር ዳር በኩል ያለው ዓባይ ብቻ ነው። የጉና ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ሐይቁ ግን በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ከፍታ የወረደው ውሃ ከፎገራ ሜዳ ሲደርስ መውረጃ ያጣና በእርሻውና በመንደሩ ላይ ይተኛል። በፎገራ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በጉና የዘነበው ዝናም በሌሊት ሊደርስ ይችላልና፣ የራሱን ሰማይ ብቻ የሚመለከት ሰው ይታለላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ከዳርቻቸው አልፈው በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። በዚያው ክረምት በድሬ ዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ።

በደጋ ለሚኖሩት ዘመዶቻችን ደግሞ የሚያሰጋው ናዳ ነው። ጎፋ ከጣና ሩቅ ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ተራሮች ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ቤቶችን በቀበረ ጊዜ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የተቀበሩትን ሊያወጣ ሮጠ፤ ተራራውም ሁለተኛ ተናደና ሊያድኑ የሄዱት ጭምር ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ለወገን መድረስ የአገራችን መልካም ምግባር ነው፤ ነገር ግን ከሚቆፍሩት መካከል አንዱ ዶማውን አኑሮ ወደ ገደሉ አሻቅቦ የሚጠብቅ ይሁን።

ከቤት ለመውጣት የሚዘገይ ሰው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ በሬውንና የዘሩን እህል ጥሎ መሄድ ልቡ እንቢ ስለሚለው ነው። ይህን ፍርድ በጨለማና በጩኸት መካከል ይፍረድ ማለት ግፍ ነው። እንግዲህ ገና በሰኔ መጀመሪያ ቤተሰቡ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ ይወስን። ወደ የትኛው ጉብታ እንደሚወጣ፣ አያትን ማን እንደሚደግፍ፣ ሕፃኑን ማን እንደሚያዝል፣ ከብቱን ማን ከገመድ እንደሚፈታ ተለይቶ ይታወቅ። የዘር እህል ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የመሬት ይዞታ ደብተርና የውል ወረቀት ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ሰው ይያዘው፤ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የኖርን ሰዎች ውሃ የበላው ወረቀት ምን ያህል እንደሚያከራክር እናውቃለን።

በሹመት ላይ ያላችሁም አንባቢዎቻችን፣ በጉና ግርጌ ዝናም የበረታ እንደ ሆነ ለሜዳው ሹም በስልክ መንገር ወጪው ጥቂት ነው። አንዲት ቃል በጊዜዋ ከደረሰች አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ሊተርፍ ይችላል፤ ከሙላቱ በኋላ የሚላክ እህልና ብርድ ልብስ ግን የሞተውን አይመልስም።