ድሮኑን ከማስመጣታችሁ በፊት

በዚህ እትም የምንወያይበት ጉዳይ ለቤተሰብ ዓምድ እንግዳ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን በብዙ ቤት የገባ ጥያቄ ነውና እስቲ አብረን እንየው።

እንበልና ጂንካ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ። የሚስት ወንድም ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለበዓል ሊመጣ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃቸው አጎቱን የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሪሞት የሚበር ትንሽ ድሮን። አጎትየውም ገዝቶለታል። አባት ግን ድሮን ቦሌ ላይ እንደሚያዝ ሰምቷል። «ንገሪው፣ እዚያው ይተወው» ይላል። እናት የልጇ ፊት ሲጠቁር አልሆነላትም። «ኧረ መጫወቻ እኮ ነው! ከልብስ መሃል ጠቅልሎ ቢያመጣው ማን ያየዋል?» ትላለች። ልጁ የሁለቱንም ይሰማል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው ብዙዎቻችን «ኢንሳ» ከምንለው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ለጉብኝት የመጣ ሰው ደረሰኝ ተቀብሎ፣ ከአገር ሲወጣ ዕቃውን የሚወስድበት አሠራር አለ። «መጫወቻ ነው» ማለት ብቻውን አያሳልፍም።

ጥንቃቄው በእኛ አገር ብቻ የተጀመረ አይደለም። በ1944 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአንቀጽ 8 ላይ፣ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ በሌላ አገር ሰማይ ላይ እንዳይበር ይከለክላል። በአገራችንም ባለፉት ዓመታት በተካሄዱት ጦርነቶች ድሮን የሚለው ቃል ለብዙ ቤተሰብ የሞትና የድንጋጤ ስም ሆኗል። ስለዚህ መንግሥት ለምን ይጠነቀቃል ብለን አንደነቅም። ትልቁን ዓሣ ለመያዝ መረብ ሲጣል ግን ትንሹም አብሮ ይገባል። በዚህ ጉዳይ ትንሹ ዓሣ ማን ነው? በእጁ የሠራውን ነገር ሰማይ ላይ ማየት የሚመኝ ልጅ ነው።

የጂንካ ሰው ይህን ምኞት ያውቀዋል። የቀድሞው የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ በከተማው መሃል ያለ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ከሜዳው ይባረራል፣ ልጆችም ሮጠው ይከብቡታል። አውሮፕላንን ከደጁ ሆኖ ያየ ልጅ እንደዚያ ያለ ነገር ልሥራ ቢል ምን ያስገርማል?

ታዲያ ይህ ችግር ሌላ አገር እንዴት ሆነ? በአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን ወዳጆች ማኅበር የተመሠረተው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። አባላቱ ትንንሽ አውሮፕላኖችን እየሠሩ፣ ኋላም በሬዲዮ እየመሩ፣ በየክለባቸው ሜዳ በራሳቸው ደንብ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያበሩ ኖሩ። ከዚያ ካሜራ የተገጠመለት ርካሽ ድሮን መጣ። በጥር 2015 እ.ኤ.አ. አንዲት ትንሽ ድሮን በፕሬዚዳንቱ መኖሪያ በዋይት ሐውስ ግቢ ወደቀች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ሞዴልም ሆነ ድሮን ያለው ሁሉ በ5 ዶላር እንዲመዘገብ ታዘዘ። በዋና ከተማዋ ዙሪያ በ30 ማይል ወይም 48 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ክለቦችም እንዳያበሩ ተከለከሉ። ለዓመታት ማንንም ሳያስቀይሙ ሲያበሩ የነበሩ ሽማግሌዎች ከነልጅ ልጆቻቸው ሜዳቸውን ዘግተው ተቀመጡ።

ዝም ግን አላሉም። በማኅበራቸው በኩል አቤት አሉ። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ከ15 ማይል ወይም 24 ኪሎ ሜትር ውጭ ያሉት ደንቡን ጠብቀው እንዲያበሩ ተፈቀደ። ጆን ቴይለር የተባለ የሞዴል አብራሪ የምዝገባውን ትእዛዝ ፍርድ ቤት ከስሶ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ረታ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግን ምክር ቤቱ ምዝገባውን በሕግ መለሰው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ለመዝናኛ የሚያበር ሁሉ የደህንነት ፈተና እንዲወስድ፣ ነጻ በሆነው ሰማይም ከ400 ጫማ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወጣ ደነገገ። ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመዘገበ በራሪ ሁሉ ማንነቱን በሬዲዮ እንዲያስታውቅ ግዴታ ሆነ። ነገር ግን ክለቦች አመልክተው እውቅና ባገኙ ሜዳዎች ላይ ያለዚያ መሣሪያ ማብረር ይቻላል።

ልብ በሉ! ሲልቨር ስፕሪንግ ራሷ በዚያ የ24 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ናት። አጎትየው የገዛውን ድሮን እንደልቡ ሊያበር የማይችለው በራሱ ሰፈርም ነው። ስለዚህ «እዚያ ሁሉ ነጻ ነው፣ እዚህ ብቻ ነው የሚከለከለው» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ነው። እዚያ አብራሪዎቹ ማኅበር ስለነበራቸው፣ ሕጉ ሲጠብቅ ቢያንስ አንድ ሜዳ ቀረላቸው። ብቻውን የቆመ ሰው ሜዳ አይሰጠውም።

እስካሁን ያየነው ከላይ የሚጠየቀውን ፈቃድ ነው። ከታች የሚጠየቅም አለ። ለዚህ ወደ ዱስ እንሂድ። ዱስ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች የካራ ሕዝብ መንደር ናት። ካራዎች ቁጥራቸው ጥቂት ሺህ የሆነ፣ በወንዙ ዳር ማሽላ የሚዘሩ፣ ገላቸውን በነጭ አፈር በማስጌጥ የታወቁ ሕዝብ ናቸው። በዚያው አካባቢ ያለችው ኮርቾ ደግሞ የኦሞን ወንዝ መታጠፊያ ከገደል አፋፍ ቁልቁል የምታሳይ መንደር ናት። ይህን ያየ ጎብኚ ድሮን ቢኖረኝ ብሎ መመኘቱ አይቀርም።

ካሜራ የያዘ ሰው ግን ፊት ለፊት ይቆማል። የካራ እናት «አይሆንም» ልትለው፣ ዋጋ ልትነግረው፣ ፊቷን ልታዞር ትችላለች። ድሮን ከላይ ሲመጣ ማንን ትከልክል? ማን እንደላከው፣ ሥዕሉ የት እንደሚደርስ በምን ታውቃለች? ከቤተ ክርስቲያናችን ወደ ኦሞ ሸለቆ ለአገልግሎት የምንሄድ ቡድኖችም ለሪፖርት የሚሆን ፊልም ስንፈልግ ይህን እናስብ። የኢንሳ ፈቃድ ያለው ሰው የመንደሩን ሽማግሌዎች ሳይጠይቅ ቢያበር ሕግ አክብሯል፣ ባልንጀራውን ግን አላከበረም።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

1ኛ. አትደብቁ። ድሮኑ ቢያዝ የሚጠፋው ዕቃ ነው። ተደብቆ ቢያልፍ ግን ልጁ ከእናቱና ከአጎቱ የሚማረው ነገር ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ዘመዳችሁ ከመነሣቱ በፊት ጠይቁ፤ ፈቃድ ካልተገኘ ይተወው። ለልጁም ምክንያቱን እንደ ትልቅ ሰው አስረዱት።

2ኛ. ምኞቱን አትግደሉ። ሬዲዮና ሞተር የሌለው፣ በእጅ የሚወረወር ተንሸራታች አውሮፕላን ድሮን አይደለም። ከዕቃ ማሸጊያ ፎምና ከቀጭን እንጨት ይሠራል። ምሥጢሩ ሚዛኑ ነው፤ ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ የስፋቱን ሩብ ያህል ወደ ኋላ ገባ ብሎ በሁለት ጣት ሲያዝ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አፍንጫው ከቀለለ ሽቅብ ይልና ይወድቃል፤ ያን ጊዜ አፍንጫው ላይ ሳንቲም ለጥፉ። አባቶች፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለዚህ ስጡ። ልጁ ከተገዛ ድሮን የማያገኘውን እውቀት ከዚህ ያገኛል።

3ኛ. በኅብረት ጠይቁ። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በመምህር የሚመራ፣ ሜዳው ከአውሮፕላን ማረፊያ የራቀ፣ የአባላቱ ስም የተመዘገበ ሆኖ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ቢያንስ የሚያመለክት አካል አለ ማለት ነው። መልሱ እሺም ይሁን እምቢ፣ የሚጠይቅ ከሌለ ሕግ አውጪው እነዚህ ልጆች መኖራቸውን በምን ያውቃል?

4ኛ. ልትጋቡ የተዘጋጃችሁ እጮኞች ሆይ፣ ሠርጋችሁን በድሮን የሚቀርጽላችሁን ባለሙያ ከመዋዋላችሁ በፊት ፈቃዱን አሳየን በሉት። በደስታችሁ ቀን ከፖሊስ ጋር መነጋገር አትፈልጉም።

ሕግ ለሚያወጡትም አንድ ቃል አለን። ሌሎች እንዳደረጉት ቀላል ክብደት ላለው መጫወቻ ገደብ ማበጀትና የታወቀ ሜዳ መፍቀድ ጥበቃውን አያላላም፤ እንዲያውም ማን የት እንደሚያበር ያስታውቃል። ሁሉን በአንድ ላይ መከልከል ግን ደግ አሳቢውን ልጅ ከቤት ያስቀምጣል፤ ክፉ ያሰበውን አያስቆመውም።

ውድ አንባብያን፣ ጠይቆ የሚያበር ልጅ ነገ ጠይቆ የሚሠራ መሐንዲስ ይሆናል።