ስድስት ከፍሎ አንድ መንዳት

በመኝታ ቤታችን መብራት ከጠፋ በኋላ የሚነሣው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የፈተና፥ ሁለተኛው የአውቶሞቢል። ስለ ፈተና የሚያወራው ቶሎ ይደክመዋል። ስለ አውቶሞቢል የሚያወራው ግን እስከ ዶሮ ጩኸት ይዘልቃል። ቪትዝ ትሻላለች የሚል አለ፤ ኮሮላን የሚያህል የለም የሚል አለ፤ ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ የማይሄድ ነገር የሚገዛ ሞኝ ነው ብሎ የሚደመድምም አለ። የሁላችን ኪስ ቢራገፍ የአንዲት ጎማ ዋጋ እንደማይወጣው የሚያስታውስ ግን የለም። እኛም ከነዚሁ መካከል ነን፤ ራሳችንን ነጻ አድርገን ሌላውን ለመክሰስ አልተነሣንም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ የሚያስገርም ነገር ነው። በሌላው ዓለም አውቶሞቢል ከመሸጫው በር እንደ ወጣ ዋጋው መውረድ ይጀምራል፤ ዕቃ ነውና ያረጃል። በእኛ አገር ሰው ዐሥር ዓመት ነድቶ፥ ሞተር አስወርዶ፥ ካንቢዮ አስለውጦ፥ ሲሸጥ ከገዛበት በላይ ያገኛል። ጎረቤቱም «አወይ ብልኅ!» ብሎ ያደንቀዋል። ሰውዬው ግን አንዳች አልነገደም። መኪናዪቱ አርጅታለች፤ ከእርሷ ፈጥኖ የወረደው ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ120 አለፈ። በውጭ ዐሥር ሺህ ዶላር የምታወጣ መኪና፥ ቀረጥ ሳይነካት፥ 570 ሺህ ብር የነበረችው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ሆነች ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ብሩን በባንክ ከማስቀመጥ በግቢው ቢያቆመው አይፈረድበትም። ነገር ግን መኪና የገንዘብ ማስቀመጫ በሆነበት አገር፥ ለመሄጃ ብቻ የሚፈልጋት ሰው ሀብቱን ለመሸሸግ ከሚፈልጋት ሰው ጋር መጫረት አለበት። ደላላው ለማን እንደሚያደላ የታወቀ ነው።

በዚህ ላይ ግብሩ አለ። የ1186/2012 የኤክሳይዝ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። በመቶኛ ሲነገር ጆሮ ያልፈዋል፤ በመኪና ስንቆጥረው ግን እንዲህ ነው። ከፍተኛው የደረሰበት ባለቤት የአንዷን ዋጋ ለሻጩ፥ የአምስቷን ለመንግሥት ከፍሎ፥ ስድስት ከፍሎ አንዷን ይነዳል፤ ቀረጡንና ሌላውን ግብር ገና አልቆጠርንም። ለአዋጁ የተሰጠው ምክንያት አሮጌ መኪና አደጋ ያበዛል፥ አየሩንም ያበላሻል የሚል ነበር። ምክንያቱን አንክድም። ዳሩ ግን አዲሱን መግዛት የማይችል ሰው አሮጌው ሲከለከል አዲስ አይገዛም፤ እዚህ ያለውን የባሰ አሮጌ ነው የሚገዛው። በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚፈልገውን ሕዝብ አንድ ከሰዓት ቆሞ ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ከዚያ ጥር 2016 ዓ.ም. መጣና መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚህ ጉዳይ የመኝታ ቤታችን ጓደኞች ለሁለት ተከፈሉ። እኛ ግማሹን ደግፈን በግማሹ እንከራከራለን። የደገፍንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ቤንዚን የሚገዛው በዶላር ነው፥ ኤሌክትሪክ ግን ከራሳችን ውኃ ይመነጫል፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ሊትሩ ከ30 ብር በታች የነበረ ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር ሲያልፍ ያየ ሁሉ ነገሩን አይስተውም። (መብራት በጠፋበት ክፍል ተቀምጦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና መከራከር ለራሳችንም አስቆናል፤ ያም ሆኖ ክርክሩ አልቆመም።)

የምንከራከርበት ምሕረቱ ለማን ተደረገ በሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪን ከኤክሳይዝ፥ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፥ ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ አስቀረለት። እንግዲህ ሚሊዮኖች ቆጥሮ አዲስ ፎልክስዋገን አይዲ ፎር ወይም ቢዋይዲ የሚያስገባው ሰው ከግብር ተገላገለ፤ አሮጌ ቪትዝ ለማግኘት ዓመታት እቁብ የጣለው ግን ያን ከባድ ግብር ክፈል ተባለ፥ ቀጥሎም በሩ ጨርሶ ተዘጋበት። በአንዲት ሰፊ መኪና አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ በሜክሲኮ ሲያልፍ፥ በታክሲ ሰልፍ የቆምን መቶዎቹ ከመንግሥት ያገኘነው ቅናሽ ከእርሱ ያንሳል።

መኪኖቹን አናጣጥልም፤ ጥሩዎች ናቸው። ቻይና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ጃፓንን ቀድማ በዓለም ከፍተኛዋ አውቶሞቢል ላኪ የሆነችው በከንቱ አይደለም። ቢሆንም ለቻይና ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ ከነቻይንኛ ጽሑፋቸው ነው የመጡት፤ ገዢውም ማስጠንቀቂያውን በሥዕሉ ይገምታል። ያገለገለች ቤንዚን መኪና ስትገዛ ኮፈኑን ከፍተህ ድምፅዋን ሰምተህ አንድ ነገር ትረዳለህ። ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ግን ዋጋዋ ያለው በባትሪዋ ነው፥ ባትሪ ደግሞ እየዋለ አቅሙ ይቀንሳል፥ ይህንንም በጆሮ አታውቀውም። መርማሪው መሣሪያ በየጋራዡ ሳይዳረስ፥ ልጆቻችንን በሙያው ሳናሠለጥን፥ ደላላ «ገና አዲስ ናት» ባለው ላይ ስንት ቤተሰብ ገንዘቡን ይጥል ይሆን?

ከመካከላችን የአንዱ አባት በላዳ ታክሲ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ላዳዋን ሸጠው፥ ከእቁቡ ጨምረው፥ አነስ ያለች መኪና ሊገዙ አስበው ነበር። እቁቡ የደረሳቸው ምንዛሪው ከተለወጠ ከአራት ወር በኋላ ነው። ገንዘቡን ይዘው ከደላላ ደላላ ሁለት ሳምንት ዞሩ፤ በመጨረሻ ሞተሯን አሳድሰው፥ ፍሪሲዮንዋን አስቀይረው፥ የተረፈውን ለልጃቸው የትምህርት ወጪ ላኩ። «ሰው መኪና ይለውጣል፥ እኔ መኪናዬን ለራሷ ለወጥኋት» ብለው እንደ ሣቁ ልጃቸው ነግሮናል። እርሱ ግን ሲነግረን አልሣቀም።

በዚህች ከተማ የታክሲና የቤንዚን ነገር ቀላል ወሬ ሆኖ አያውቅም። በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ 50 በመቶ ሲጨመር ባለታክሲዎቹ ሥራ አቁመው ከተማዪቱ ቀጥ ብላ ነበር፤ ያን ጊዜ ከጎናቸው የወጡት መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ ስለ መኪና የምንከራከር ተማሪዎች ግን ነጋ ጠባ የምንገምተው ከተመረቅን በኋላ ማን ምን እንደሚነዳ ነው። የጀማሪን ደመወዝ በወረቀት አስልተን አይተናል፤ ሳይበሉና ሳይከራዩ ቢያጠራቅሙት እንኳ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ያስጠብቃል።

ስለዚህ ለክርክር ክበባችን አንድ ርእስ እናቀርባለን፦ ለቤት አውቶሞቢል የተሰጠው የግብር ነጻነት ተነሥቶ ገንዘቡ ለኤሌክትሪክ አውቶቡስና ለታክሲ ማኅበራት ብድር ይዋል። ተቃዋሚው ወገን ቪትዝ ወዳጆቹን ያሰልፍ፤ እኛ የደጋፊውን ወንበር ይዘናል። ክርክሩ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ታክሲ አይገኝም።