ረጅሙን ቃል እንክፈለው፤ በፊደል ግን አይደለም

እንደሚታወቀው የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ፎኖሎጂ ላይ ሲደርስ ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል በሲላብል፣ ማለትም በክፍለ ቃል፣ ከፍሎ ስትረሱ የት ላይ እንደሚያርፍ ማሳየት ነው። በእኔ አስተያየት ችግሩ የቃሉ ርዝመት ሳይሆን አከፋፈሉ ነው።

እስቲ በርዝመቱ የታወቀውን እንውሰድ፦ ኒውሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልኬኖኮኒኦሲስ። ቃሉን በ1935 እ.ኤ.አ. ለርዝመቱ ሲል የፈጠረው የአሜሪካ የእንቆቅልሽ ወዳጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ኤቨረት ስሚዝ ነው። ትርጉሙም እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ በመተንፈስ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ 45 ፊደል አለው። ከላይ እንደጻፍኩት በእኛ ፊደል 28 ይሆናል። ሲላብሉ ግን 19 ብቻ ነው! ተማሪው ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ፊደል ይቆጥራላ። ሲላብል የሚቆመው በአናባቢ ነው፤ ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ተነባቢ ብቻ ነው። «ማይክሮ» አራት ፊደል፣ ሁለት ሲላብል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በትርጉም እንክፈለው። ኒውሞኖ ሳንባ፣ አልትራ እጅግ፣ ማይክሮስኮፒክ በዓይን የማይታይ፣ ሲሊኮ ሲሊካ፣ ቮልኬኖ እሳተ ገሞራ፣ ኮኒኦሲስ ከአቧራ የሚመጣ ሕመም ማለት ነው። ቀጥለን አናባቢውን እንከተል፦ ኒው-ሞ-ኖ፣ አል-ትራ፣ ማይ-ክሮ-ስኮ-ፒክ፣ ሲ-ሊ-ኮ፣ ቮል-ኬ-ኖ፣ ኮ-ኒ-ኦ-ሲስ። ደምሩት፤ 19 ነው። መጨረሻ ላይ ስትረሱ ይመጣል። ዋናው ከመጨረሻው በፊት ባለችው «ኦ» ላይ ነው። ከበፊቱ ባሉት ክፍሎች ላይ ደግሞ ቀለል ያለ ስትረስ አለ፤ ለምሳሌ በቮልኬኖ «ኬ» ላይ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ማንም የማይናገረው ቃል ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሐኪም እንኳ «ሲሊኮሲስ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ስትረስ ግን ትርፍ ነገር አይደለም። «ብላክቦርድ» ስንል «ብላክ»ን ብቻ ካጎላን የክፍል ሰሌዳ ነው፤ ሁለቱንም ካጎላን ማንኛውም ጥቁር ሰሌዳ ይሆናል። እኛስ «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ፣ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አይደል? ጽሑፉ አያሳየንም፤ የሚለየው ጆሮ ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ይህን ፈተና በወረቀት ብቻ ሳይሆን በቃልም ቢሰጡን እላለሁ። ነገ እኛ አስተማሪ ስንሆን ልጆቹ የሚሰሙት የእኛን አፍ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ረጅም ቃልም ሲከፋፈል ይቀላል።