ዘፈኑን ወርሰን ስሙን ጣልን

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የሚናገር ሰው ሳይጠራው የማያልፍ አንድ ስያሜ አለ፤ «ወርቃማው ዘመን»። ስያሜው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1966ቱ አብዮት ያሉትን ዓመታት ያመለክታል። በተለይ የመጨረሻዎቹ ስድስት ሰባት ዓመታት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1967 ወዲህ ያሉት፣ የዘመኑ እምብርት ሆነው ይቆጠራሉ። የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የማሕሙድ አሕመድና የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ዛሬም በጎንደር ፒያሳ ከሻይ ቤቱም ከሰርግ ቤቱም አይጠፋም።

እኔ ያን ዘመን አልደረስኩበትም። የደረሰኝ በካሴት ነው፤ ያውም ከተቀዳ ካሴት ላይ በተቀዳ ካሴት። ስለዚህ የምጽፈው ትዝታ ሊሆን አይችልም። ይልቁንስ ለአንባቢ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። ወርቁን ይህን ያህል ከወደድነው፣ አንጥረኛውን ስለ ምን አናውቀውም?

ዘመኑን ስናወድስ ብዙ ጊዜ ድምፃውያኑ ከሰማይ የወረዱ እናስመስላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የዚያ ሙዚቃ ቤት የተሠራው በደመወዝተኞች ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሁሉም የመንግሥት ወይም ለመንግሥት የቀረቡ ተቋማት ነበሩ። ነፊው ወታደር ነው፤ ዘፋኙም ማዕረግ አለው። ከእነዚህም በስተጀርባ የሙዚቃ ንባብ ያስተማሩ መምህራን ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ለነሐስ መሣሪያውና ለኦርኬስትራው መሠረት ጥለዋል። ነርሲስን ዛሬ በመንገድ ላይ ብንጠይቅ ከመቶ ሰው ስንቱ ያውቀው ይሆን?

ከዚህ ቤት ሙዚቃውን አውጥቶ ለሕዝቡ በየቤቱ ያደረሰው ደግሞ አንድ ደፋር ወጣት ነበር። በ1940 ዓ.ም. የወጣ ድንጋጌ የሸክላ ማስመጣትና ማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምኃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ይህን ክልከላ ተላልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሥራው በባሕር ማዶ ታትሞ የሚመጣ ነበር። ወህኒ መውረድም ሊኖር ይችል ነበር፤ ሰውየው ግን ሠራው። አብዮቱ ፈንድቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ አልበሞችን አሳትሟል። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ሙዚቃ» እያለ የሚያደንቀው ክምችት ትልቁ ክፍል ከዚያ የሱቅ መደርደሪያ የወጣ ነው።

በዚያን ጊዜ ይህን ሙዚቃ «የፈረንጅ ቅጂ» እያለ የሚነቅፍ አልጠፋም ነበር። ጊዜው የሚኒ ቀሚስ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት በተማሪዎች ተቃውሞ መታወኩ ይታወቃል። ዓለማየሁም «የአበሻው ኤልቪስ» ሲባል ሙገሳው ውስጥ ትንሽ ጎርባጣ ነገር አለበት። ነገር ግን ጊታሩና ሳክስፎኑ ከባሕር ማዶ ቢመጡም፣ የሚሄዱበት መንገድ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በኒው ዮርክ ሳለ የጀመረው ሥራ መነሻው ይኸው ቅኝት ነው። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ በሳክስፎኑ ሽለላና ፉከራ ሲያሰማ የደጋውን ሰው የጦር ሜዳ ድምፅ ነበር በነሐሱ ቱቦ ያሳለፈው። የእኛን የወገራን ወይም የዳባትን ፉካሪ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ጌታቸውን ሲሰማ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ፉከራን ካነሣሁ ዘንድ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በእኛ አገር ፉካሪ ሳይታወቅ መድረክ አይለቅም። ራሱን ይጠራል፣ አባቱን ይጠራል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል። አዝማሪ ቤትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ እንግዳው ሲገባ አዝማሪው ስሙን ይጠይቅና በግጥሙ ውስጥ ያስገባዋል። ግጥም የሚሰጠውም ሰው «ተቀበል!» ብሎ በአደባባይ ስለሚናገር፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያያል። የቤተ ክህነቱም ወግ ከዚህ አይለይም። በጎንደር በአታ አቋቋም የተማረ ሰው ከየትኛው መምህር እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደተቀበሉ ቆጥሮ ይናገራል። ሐረጉ የተበጠሰበት ዕውቀት አይታመንም።

እንዲህ ያለ ስም አክባሪ አገር እያለን፣ በዘመናዊው ዘፈን ላይ ስንደርስ ስሙን በመንገድ ጣልነው። «የጥላሁን ዘፈን» እንላለን፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማውን ማን እንደደረሰው፣ ለኦርኬስትራው ማን እንዳቀናበረው አንጠይቅም። ሳህሌ ደጋጎ፣ አየለ ማሞ፣ ተዘራ ኃይለሚካኤል፣ ኢዮኤል ዮሐንስ የሚባሉ ስሞች ለብዙዎቻችን እንግዳ ናቸው፤ ሥራቸውን ግን በአፋችን ይዘነው እንውላለን።

የግርማ በየነን ታሪክ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ከተቀረጹት ዘፈኖች የብዙዎቹ አቀናባሪ እርሱ ነው፤ ፒያኖም ይጫወት ነበር። ራሱ ዘፍኖ ያስቀረጻቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረና ለረጅም ዓመታት በነዳጅ ማደያ ተቀጥሮ ሠራ። በየታክሲው ውስጥ እርሱ ያቀናበረው ዘፈን ሲሰማ፣ ያቀናበረው ሰው የሌላውን መኪና ነዳጅ ይሞላ ነበር። በስተመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም አወጣ። የባንዱ ስም የተወሰደው ከጌታቸው መኩሪያ ዜማ ነው። ፈረንሳዮቹ ስሙን ፈልገው አገኙት ማለት ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ እትሙ የእነዚያን ሸክላዎች ድምፅ ሲያሳትም ከድምፁ ጋር ታሪኩንና ስሞቹን አያይዞ ጽፏል። ምስጋና ይገባዋል። ግን የራሳችንን ስም ዝርዝር ከፓሪስ በታተመ ወረቀት ላይ ማንበባችን ሊያሳስበን አይገባምን?

እዚህ ላይ የሥራዬን ነገር ልጨምር። የምተዳደረው በባንክ ሠራተኝነት ነው። በእኛ ቤት አንድ ሰነድ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው ሰው ካልፈረሙበት ሰነድ አይባልም። ዘፈንም ለእኔ እንዲሁ ነው፤ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ፊርማ አለበት። ድምፃዊው ሰነዱን ይዞ በአደባባይ የሚቆመው ነው፤ ክብሩ ትልቅ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም።

ጡረታቸውን ሊወስዱ ወደ መስኮቴ ከሚመጡት አረጋውያን መካከል አንድ ጊዜ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ የነበሩ ሰው አሉ። የጡረታ ደብተራቸው ማዕረጋቸውን እንጂ ሙያቸውን አይናገርም። አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ሻይ ጋብዤያቸው ስለ አንድ ታዋቂ ዘፈን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ነፋሁት እንጂ የጻፈው ሌላ ነው» አሉና የሰውየውን ስም፣ የነበረበትን ክፍልና የሚወደውን የሻይ ስኳር ብዛት ሳይቀር ነገሩኝ። ያን ስም ከዚያ በፊት አንድም ቦታ አንብቤው አላውቅም ነበር። እርሳቸው ባይኖሩ ስሙም አይኖርም።

«ሕግ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። አምኃ የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያሳትም ያ ሕግ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ተሻሻለ። ሕግ ግን ስሙ የማይታወቅን ባለመብት ሊከፍለው አይችልም። እኔም ስም የሌለበትን ቼክ መመንዘር አልችልም። ክፍያው ከመምጣቱ በፊት ስሙ መገኘት አለበት፤ ስሙን ማግኘት ደግሞ የፍርድ ቤት ብቻ ሥራ ሳይሆን የአድማጩም ሥራ ነው።

ሌላም ሰው «የአንዳንዱ ዘፈን ባለቤት አከራካሪ ነው፤ ስም ብንጠራ ጠብ እንጭራለን» ይል ይሆናል። ስጋቱ እውነት አለው። ነገር ግን ጠቡን የሚወልደው ዝምታው ነው። ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ያልተጠየቀ ነገር ካለፉ በኋላ ክስ ይሆናል። ያልታወቀውንም «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም፤ ባዶ ቦታው ራሱ ፈላጊ ይጠራል።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ብዙነሽ በ1982፣ ጥላሁን በ2001፣ ጌታቸው መኩሪያ በ2008 ዓ.ም. አልፈዋል። አምኃና ዓለማየሁ፣ አሳታሚውና ዘፋኙ፣ በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ተከታትለው ሄዱ። እነዚህ በስማቸው የተለቀሰላቸው ናቸው። ስማቸው ሳይነሣ የሄዱትን ግን የቆጠረ የለም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የሬዲዮ አቅራቢው የቆየ ዘፈን ሲያሰማ ከድምፃዊው ስም ጋር ሦስቱን ስሞች ይጥራ። በየሆቴሉ የቆየ ዘፈን የሚጫወተው ወጣት ከመጀመሩ በፊት የማን እንደሆነ ይናገር። ዘፈኑን በኢንተርኔት የሚጭነውም ሰው ከሥሩ አንድ መስመር ይጻፍ። በአቅራቢያችን ያለ ጡረተኛ ነፊ ወይም ከበሮ መቺ ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ሻይ ውድ አይደለም።

እኔም በትንሿ ሙያዬ፣ በግጥም፣ የበኩሌን ላዋጣ፦

ወርቁ ባንገት ሆኖ ሲመሰገን ዋለ፣
አንጥሮ የሰጠው ስሙ ተከለለ፤
ጌጡን ተሸልመን ድምቀቱን ካወሳን፣
እሳት የፈጀውን እንዴት አርገን ረሳን?

ቸር ያሰማን።