ቀበሮ ያልነው የተኵላ ዘመድ

ለእንስሳት ስም ማውጣት ከአዳም ጀምሮ ለሰው ልጅ የተሰጠ ሥራ ነው። ነገር ግን የውጭ መልክን ብቻ አይተን የምናወጣው ስም አንዳንድ ጊዜ ያሳስተናል። በዚህ ወር ይህንኑ በሩቅ ባሕርና በቅርብ ደጋ ምሳሌ እናስረዳለን።

በቀይ ባሕር፥ ኮራል በሚባለው እንደ ድንጋይ በጠነከረ የባሕር ፍጡር ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ፥ ባርናክል የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት አሉ። አብዛኛው የባርናክል ወገን ቅርፊት ስላለውና ካረፈበት ስለማይነቃነቅ፥ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ከቀንድ አውጣ ዘመዶች ጋር ቈጠሩት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. ግን ጆን ቮን ቶምሰን ገና ሳይጣበቅ በውሃ የሚዋኘውን ሕፃኑን መርምሮ የሸርጣን ዘመድ መሆኑን ገለጠ። መልኩ የሸሸገውን ልደቱ መሰከረ።

እንዲህ ያለው መሳሳት በእኛም አገር ደርሷል። ከመካነ ሰላም አቅራቢያ፥ በቦረና ሳይንት ደጋ፥ ጅብራና ጓሳ በበቀለበት ብርዳማ ሜዳ አይጥ እያደነ የሚኖረውን አውሬ ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። አፈ ሙዙ ሾጣጣ፥ ጠጕሩ ቀይ ስለ ሆነ ፈረንጆችም የስሜን ቀበሮ ይሉት ነበር። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ግን ሊቃውንት የዘር ምልክቱን መርምረው፥ ከቀበሮ ይልቅ ለተኵላ የቀረበ መሆኑን አስታወቁ።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይምሰለን። ውሻም ከተኵላ የወጣ ነውና፥ ዝምድናው ቀይ ቀበሮን ከውሾቻችን ጋር እስከ መዳቀል ያደርሰዋል፤ ይህም በባሌ ታይቷል። ከዚህም በላይ የውሻ በሽታ ይፈጀዋል። በ2003 እና በ2004 (እ.ኤ.አ.) በባሌ ተራሮች ብዙዎቹን የገደለው ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ነበር። ይህ አውሬ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፥ የቀሩትም ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም።

ስለዚህ በደጋው የምትኖሩ ቤተ ሰቦች ሆይ፥ ውሾቻችሁን በየጊዜው አስከትቡ፤ ወደ ጓሳውም ብቻቸውን አትልቀቋቸው። ክትባቱ አስቀድሞ የሚጠብቀው የራሳችሁን ልጆች ነው። እረኞች ልጆቻችሁም በድንጋይ እንዳያሳድዱት፥ ዋናው ምግቡ አይጥ መሆኑን ንገሯቸው። አባቶቻችን ያወጡለትን ስም መጥራታችንን አንተውም፤ ነገር ግን የማን ዘመድ እንደ ሆነ ካወቅን፥ ከምን ልንጠብቀው እንደሚገባ እናውቃለን።