ስሙ የተቀየረ ፋይል

የጃቫ ቋንቋ ባለሙያዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ኮዳቸውን እንደ አዲስ አደራጁ። ጃቫ 9 በሞጁሎች ሊከፋፈል ስለነበር ፋይሎቹ ከነበሩበት ፎልደር ተነሥተው በየሞጁላቸው ሥር ገቡ። በዚያው ዓመት መጋቢት የወጣው ጃቫ 8 ግን በአሮጌው አድራሻ ቀረ። ለ9 የተሠራን ማስተካከያ ወደ 8 ሊወስድ የተነሣ ፕሮግራመር ወዲያው እንቅፋት ይገጥመዋል፤ ማስተካከያውን የያዘው ጽሑፍ፣ ማለትም ፓቹ፣ የሚጠራው ፎልደር እዚያ የለም። ኮዱ ያው ነው፣ አድራሻው ሌላ።

መፍትሔያቸው የሚያስመሰግን ነበር። የትኛው ፎልደር ወዴት እንደሄደ የሚዘረዝር ፋይልና ፓቹን አንብቦ አድራሻውን የሚተካ አነስተኛ ፕሮግራም አዘጋጅተው ከኮዱ ጋር አስቀመጡ። የፕሮግራሙ ስም ከካርታ ጨዋታ የመጣ ይመስላል፤ የተበወዘውን ወደ ቦታው መመለስ እንደ ማለት ነው።

ፓች ማለት የትኛው ፋይል ውስጥ የትኛው መስመር እንደወጣና የትኛው እንደገባ የሚገልጽ ተራ ጽሑፍ ነው። በኢሜይል ይላካል፣ ከአንድ የኮድ ማከማቻ ወደ ሌላው ይሻገራል። ላሪ ዋል በ1985 ያወጣው፣ ስሙም ፓች የተባለው ፕሮግራም ስለ ስም ለውጥ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ተተኪው የጂኤንዩ ፓች፣ ጊት በተባለው የኮድ ታሪክ መያዣ ሥርዓት አጻጻፍ የተገለጸ የስም ለውጥ መቀበል የጀመረው በ2012 በወጣው 2.7 ነው። በአሮጌው አጻጻፍ ስም የቀየረ ፋይል መጀመሪያ መስመር በመስመር ይሰረዛል፣ ከዚያ በአዲስ ስም መስመር በመስመር ይጻፋል። ሺህ መስመር ወጥቶ ሺህ መስመር ሲገባ፣ በመካከሉ በእርግጥ የተቀየረችውን አንዲት መስመር ለቅሞ የሚያወጣ ገምጋሚ ከየት ይገኛል?

የኮድ ታሪክ የሚይዙት ሥርዓቶችም እርስ በርሳቸው አይግባቡም። ሰብቨርዥን የስም ለውጥን ቅጂና ስረዛ አድርጎ ይጽፈዋል። መርኩሪያል ፕሮግራመሩ ሲነግረው ይመዘግባል። ጊት ግን አይመዘግብም፤ በኋላ ሲጠየቅ የጠፋውንና አዲስ የመጣውን ፋይል አነጻጽሮ፣ ተመሳሳይነታቸው 50 በመቶ ከደረሰ አንድ ናቸው ብሎ ይገምታል።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ጊትን ሲሠራ ይህን የመረጠው አስቦበት ነው። ኮድ የሚዘዋወረው በሙሉ ፋይል ብቻ አይደለም፤ አንድ ፈንክሽን ከፋይል ወደ ፋይል ሲሻገር የፋይል ስም መመዝገቡ ምንም አይፈይድም፣ መከተል ያለበት ይዘቱ ነው የሚል ክርክር ነበረው። ጠንካራ ክርክር ነው። ግን የሚሠራው ሁለቱም ፋይሎች በአንድ ማከማቻ ውስጥ እስካሉ ድረስ ነው። ፓቹ ድንበር ሲሻገር የግምቱ መነሻ የሆነው ታሪክ አብሮት አይሻገርም። ተቀባዩ እጅ የሚደርሰው ጽሑፉ ብቻ ነው።

ከመርኩሪያል የሚወጣ ፓች እንኳ በጊት አጻጻፍ ይሁን ካልተባለ በስተቀር የተመዘገበውን የስም ለውጥ ጥሎት ይወጣል። ይህ በጣም ያሳዝናል። ፕሮግራመሩ በትክክል ተናግሯል፣ ሥርዓቱም ጽፎታል፤ የጠፋው በር ላይ ነው። የጊት አጻጻፍ ግን አሮጌውንና አዲሱን ስም የሚጠሩ ሁለት መስመሮች አሉት። ሁለት አጭር መስመሮች አንባቢውን ከሁለት ሺህ መስመር ያድኑታል። መርኩሪያልንና ጊትን የሚያገናኘው ኤችጂ ጊት የተባለው መሣሪያ ደግሞ ጊት የስም ለውጥ የሚያኖርበት ቦታ ስለሌለው ከእያንዳንዱ የለውጥ ምዝገባ (ኮሚት) ጋር በሚቀመጠው መልእክት ግርጌ ይጽፈው ነበር። መልእክቱ አያምርም፤ ቢሆንም እውነቱ ተርፏል።

ስሙን የቀየረው ሰው ምን እንዳደረገ ያውቃል። የሚያውቀውን ጽፎ መላክ የእሱ ግዴታ እንጂ ለፕሮግራም ግምት የሚተው አይደለም። ስም መቀየሩንና ይዘት ማረሙንም በአንድ ኮሚት መቀላቀል የለበትም፤ ከግማሽ በላይ የተቀየረን ፋይል ጊት እንደ እንግዳ ነው የሚያየው።

በ2007 የሊነክስ ከርነል ውስጥ የ32 ቢትና የ64 ቢት የኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ኮድ ወደ አንድ ፎልደር ሲሰበሰብ ቶማስ ግላይክስነርና ኢንጎ ሞልናር ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ፋይሎቹ በአብዛኛው ይዘታቸው ሳይነካ ተዛወሩ። ስማቸው እንዳይጋጭም 32 ወይም 64 ተለጠፈባቸው። ሁለቱን አንድ የማድረጉ ሥራ ከዚያ በኋላ፣ ፋይል በፋይል ቀጠለ።